ስምንተኛው መሰናክል

እትዬ ሜትር ይሏታል። ስም የላትም ማለት አይደለም፤ እናቷ ያወጣችላት ስም መታወቂያዋ ላይ ቁጭ ብሏል። ስታዲየሙ ውስጥ ግን በዚያ ስም የሚጠራት ሰው ቢገኝ ዞራም አታይ። ከዋና ዳኛው እስከ በር ዘበኛው ድረስ እትዬ ሜትር ነው። ሜትር ከአንገቷ አይጠፋማ! ሌላዋ ሴት ሻርፕ ጣል እንደምታደርገው እሷ የእናቷን የልብስ ሰፊ ሜትር ጣል ታደርጋለች። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ «አንድ ቀን ይሄ ነገር አንቆ ይገልሻል፤ ያኔ ለሰው ምን ብዬ ነው የምናገረው?» ትላታለች። እሷም ፈገግ ሳትል፣ «መቶ ሃያኛው ሳንቲሜትር ላይ አነቃት በያቸዋ» ትላለች።

የምትውለው ከተመልካች መቀመጫ ሥር ባለው ዕቃ ቤት ነው። ጣራው የደረጃው ሆድ ስለሆነ በሩ ጋ ቀጥ ብሎ መቆም ይቻላል፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ማጎንበስ ነው፤ መጨረሻው ጋ መንበርከክ ነው። ተመልካች ከላይ በረገጠ ቁጥር አቧራው እላይዋ ይዘንባል። መሰናክሎቹ እዚያ በአሥር በአሥር ተደርድረው ይቆማሉ። የላላውን ቡሎን ታጠብቃለች፣ የተላጠውን ሳንቃ ነጭና ጥቁር ትቀባለች፣ እግሩ ላይ ያለውን የብረት ክብደት እየገፋች ከቁመቱ ጋር ታስማማለች። ጦሩም ዲስኩም እዚያው ቤት ያድራሉ፤ ግን እንደ ተከራይ ነው የሚኖሩት። የቤቱ ልጆች መሰናክሎቹ ናቸው።

የአሠራሯ ነገር ደግሞ ሰውን ሁሉ ያቃጥላል። ሌላ ሰው ቢሆን መሰናክሉን ትራኩ ላይ በቀለም ከተደረገው ምልክት ላይ አቁሞ ይሄዳል። እሷ ካቆመች በኋላ ሁለቱን እግሮች በጠመኔ ትከባቸዋለች፤ ንፋስ ቢገፋው፣ ሰው ቢያደናቅፈው፣ የት እንደነበር ይታወቅ ብላ። እናቷ ጨርቅ ከመቅደዷ በፊት በጠመኔ ታሰምር ነበር፤ ከሷ የወረሰችው ነው። ከዚያ ሃምሳ ሜትር የሚዘረጋውን የብረት ጥቅል ይዛ ከማለቂያው ወደ መነሻው እየለካች ትመለሳለች፤ ስምንት መስመር በአሥር፣ ሰማንያ መሰናክል። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። «ኧረ እትዬ፣ ሊመሽብን እኮ ነው!» ሲሏት፣ «ይምሽባ! ፀሐይን የያዝኳት እኔ ነኝ እንዴ?» ትላለች። የማረጋገጫው ወረቀት ላይ የምትፈርመው ለክታ ስትጨርስ ነው፤ ከዚያ በፊት ንጉሥ ቢመጣ አትፈርምም።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ከመሬት አልተነሳም።

በሷ የወጣትነት ዘመን የሴቶች መሰናክል ሰማንያ ሜትር ነበር። ስምንት መሰናክል፣ ቁመቱ ሰባ ስድስት ሳንቲሜትር፣ በየመሃሉ ስምንት ሜትር። ወንዶቹ መቶ አሥር ሜትር ላይ አሥር መሰናክል ሲዘሉ ለሴቶቹ ሰማንያው ይበቃቸዋል ብለው የወሰኑት እነማን እንደሆኑ መገመት አያቅትም፤ አንዳቸውም ቀሚስ ለብሰው አያውቁም። እሷ በዚያ በሰማንያው የከተማው አንደኛ ነበረች። ስምንቷን ሜትር በሦስት እርምጃ እምሽክ ታደርጋትና ዝላይ! «ይህቺ ልጅ መቁጠር የተማረችው በእግሯ ነው» ትል ነበር እህቷ።

ሃያ ዓመት ሲሞላት ዓለም ሐሳቡን ቀየረ። የሴቶቹም መቶ ሜትር ይሁን ተባለ፤ መሰናክሉ አሥር፣ ቁመቱ ሰማንያ አራት፣ በየመሃሉ ስምንት ሜትር ተኩል። በሌላው አገር ሴቶች ይለማመዱት ጀመር። እዚህ ያሉት ሹማምንት ግን ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ማሕፀናቸው ይጎዳል» ያለ ነበር፤ ሐኪም እንዳይመስላችሁ፣ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነው። «ሴት ልጅ እንዲህ እግሯን አንፈራጥጣ!» ያለም ነበር። በስንት ልመና አንድ የሙከራ ውድድር ፈቀዱና አራት ሴቶች ተሰለፉ። አንዷ እሷ ነበረች።

አራተኛው መሰናክል ላይ ወደቀች። «ቀድሞ መጣብኝ! አይኔን ግንባር ያርገው፣ መሰናክሉ ቀድሞ ነው የመጣብኝ!» ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች። ጉልበቷ ተልጦ ደሟ እየወረደ ተነሥታ፣ «ይለካልኝ!» ብላ ጮኸች። መሰናክሎቹን ያስቀመጡት ወንዶች ተሳሳቁ። «ምንሽ ይለካ? እግርሽ?» አላት አንዱ። እያነከሰች ሜትር ፍለጋ ሄዳ እስክትመለስ ሁሉም ተለቅመው ጋሪ ላይ ወጥተዋል። በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ «መቶው ለሴቶቻችን እንደማይሆን ታይቷል» ብሎ ደመደመ። «ታይቷል» የሚሏት እንግዲህ እሷን ነው። ውድድሩ አምስት ዓመት ቀረ። ሲመለስ ጉልበቷ የድሮው ጉልበት አልነበረም።

መሸነፉ አይደለም አንጀቷን ያሳረራት። ሰው ይሸነፋል፣ ይነሳል፣ ይሄዳል። አለማወቁ ነው። እኔ ነኝ ወይስ መሰናክሉ? ሾፌር አገባች፤ ደግ ሰው ነበር፤ እሱንም ቀበረች። ጥያቄው ግን አልተቀበረም። ሰላሳ ሁለት ዓመቷ ላይ የስታዲየሙ ዕቃ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምታ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ገብታ፣ «ከኔ ሌላ ሰው አትፈልጉ» ያለችው ለዚህ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሷ መሰናክል የወደቀ ሰው በገዛ እግሩ ነው የወደቀው። ኩራቷ ይሄ ነበር፤ ሌላ ኩራት አልነበራትም፣ አልፈለገችም።

እንግዲህ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላት፣ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ሲቀራት፣ የአገሩ ሻምፒዮና መጣ። ለሴቶች መቶ ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ስምንት ልጆች አለፉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለብሔራዊ ቡድን ይመረጣሉ፤ የቀሩት ስድስቱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አምስተኛው መስመር ላይ ፌንጣ የሚሏት ልጅ ነበረች። አባቷ ግንበኛ ነው። ሰፈሯ ካለ ባዶ ቦታ ላይ፣ አባቷ ከሥራ ያመጣላትን የአርማታ መሙያ ሳንቃ በጡብ ላይ እያጋደመች ነው ያደገችው። ቁመቷ አጭር ነው። አንድ አሰልጣኝ፣ «የኔ ልጅ፣ ለመሰናክል አልተፈጠርሽም» ሲላት፣ «ሲፈጥረኝ እዚያ ነበርክ?» ብላው ሌላ አሰልጣኝ ፍለጋ ሄደች።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ የድሮው ሰማንያ ሜትር ጨርሶ አልሞተም፤ ዛሬ የታዳጊ ልጃገረዶች ውድድር ሆኗል። ምልክቱ ትራኩ ላይ በነጭ ቀለም አለ፤ የመቶው በቢጫ። ነጩና ቢጫው ሲተላለፉ ሲተላለፉ ይሄዱና አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይገጥማሉ፤ የመቶው ሰባተኛ መሰናክል የሚቆምበት ላይ። ከዚያ በኋላ ነጩ ስምንት ሜትር ሄዶ ይቆማል፤ ቢጫው ግማሽ ሜትር ይጨምራል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ግማሽ ሜትር ላይ ነው።

በፍጻሜው ቀን ከሰዓት በኋላ የክብር እንግዳው ዘገዩ። ሲመጡም ንግግራቸው አላልቅ አለ። አጨብጭበው ሊያስጨርሷቸው ቢሞክሩ ወደዱኝ ብለው ጨመሩ። የስታዲየሙ ሥራ አስኪያጅ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ተገልብጦ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ አምስት ደቂቃ አለሽ!»

«ለምኑ?»

«ለሁሉም! ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ነው።»

«ለመለካቱስ?»

«ምን መለካት አለ እትዬ፣ ምልክቱ ተቀብቶልሽ የለ እንዴ!»

ሠራተኞቹ መሰናክልና ጠመኔ ይዘው በየመስመሩ ሮጡ። አንደኛው ታሞ ቀርቶ ስለነበር አምስተኛውን መስመር ራሷ ያዘችው። ተሸክማ ታቆማለች፣ በጠመኔ ትከባለች፣ ትመለሳለች፣ ትሸከማለች። ስትጨርስ ላቧ አይኗ ውስጥ ገብቷል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዞ ከክርኗ ሥር ተደቅኗል። «ፈርሚልኝ፣ ስሞትልሽ፣ እንጀራዬን አታስቆርጪኝ!» አላት። ይሄን ሰው ትኬት ይቆርጥ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ሆዷ ባባ። ሳትለካ ፈረመች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሽጉጡ ጮኸ። ፌንጣ እንደ ስሟ ተፈናጠረች። በሦስተኛው ትመራለች፣ በአምስተኛው ትመራለች፣ በሰባተኛው አንድ ሙሉ እርምጃ ትመራለች። ስምንተኛው ላይ ጉልበቷ ሳንቃውን መታው፤ መሰናክሉም እሷም አንድ ላይ ተዘረሩ። ሌሎቹ አለፏት። ከእትዬ ሜትር ጀርባ አንድ ሰውዬ፣ «አላልኳችሁም? አጭር ናት እኮ!» ብሎ ጭኑን መታ።

ፌንጣ በእጇ ተደግፋ ተነሣች። አካባቢዋ ያሉትን ዳኞች ሁሉ በየተራ እያየች፣ «ቀድሞ መጣብኝ» አለቻቸው። አንዱ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወደ ሐኪሙ ገፋት።

እትዬ ሜትር ይሄን ስትሰማ ቆሌዋ ተገፈፈ። መሮጥ ካቆመች ስንት ዘመኗ፣ ሮጠች። ስምንተኛው መሰናክል ፊት ደርሳ ጎንበስ ብላ አየች። መሰናክሉ ተገልብጧል፤ የጠመኔው ክብ ግን እንዳለ አለ። የተከበበው ነጩ ምልክት ነው። ቢጫው ከፊቱ ግማሽ ሜትር ርቆ፣ ማንም ሳይነካው፣ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ» አለች ለራሷ። ከሰባተኛው ስትነሳ አይኗ አልመራትም፣ እግሯ ነው የመራት። ያ ሞኝ እግሯ! ከሰላሳ ስምንት ዓመት በፊት የተማረውን ስምንት ሜትር ቆጥሮ ነጩ ላይ አደረሳት። በዚያ ስታዲየም ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቢሳሳት ይሄን ስህተት አይሳሳተውም፤ እግሩ ሰማንያ ሜትር የሚያስታውስ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሠራተኞቹ መሰናክሎቹን መልቀም ጀምረዋል፤ የወንዶች ስምንት መቶ ሜትር ሊቀጥል ነው። አንዱ መጥረጊያ ይዞ የጠመኔውን ዱቄት እያራገፈ ይመጣል። ከሌሎቹ ሰባት መስመሮች ላይ ጠፍቷል። እዚህም ይደርስና ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እንዳልነበረ ይሆናል። ሰው እንኳ አያስፈልግም፤ እሷው በጫማዋ አንዴ ፈተግ ብታደርገው ያልቃል። የሃያ ስድስት ዓመት ስሟ እንደተከበረ ይቀራል። እግሯ ተነሥቶም ነበር፤ አልዋሽም፣ ተነሥቶ ነበር።

መልሳ አወረደችው። ከዚያ ክቡን በሁለት እግሮቿ መሃል አድርጋ፣ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ሂድ ወዲያ!» አለችው ባለ መጥረጊያውን። ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ደረሰ። «እትዬ፣ ውጪ እንጂ! ሰዎቹ ሊሮጡ ነው።»

«አይሮጡም።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ወደ ታች ተመልከት።»

ተመለከተ። ሞኝ አይደለም፣ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፣ «አብሺው» አላት። «ማንም አላየም። ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ፣ በክብር ትወጫለሽ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ በገዛ እጅሽ ጉድጓድ ልትገቢ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ አፌን አታስከፍተኝ!» አለችው፤ ጮክ ብላ፣ ስታዲየሙ እንዲሰማ። «ያቺ ልጅ ቀድሞ መጣብኝ ብላለች! ቀድሞ መምጣት አለመምጣቱ ይለካል። ዋና ዳኛው ይምጡ! ከዚያ በኋላ ከፈለጋችሁ እኔን በምንጣፍ ጠቅልላችሁ አውጡኝ!»

ወይ ጉድ! የስምንት መቶው ሯጮች መነሻው ላይ እግራቸውን እያርገፈገፉ ይጠብቃሉ። የድምፅ ማጉያው፣ «ትራክ ላይ ያሉት ሴትዮ እንዲወጡልን» ይላል። ተመልካቹ ግማሹ ያፏጫል፣ ግማሹ ይስቃል፤ «ሴትዮዋ ምን ነካት?» ይባባላል። ሁለት ጥበቃዎች መጥተው ግራና ቀኝ ቆሙ፣ ግን የምታያቸው አስተያየት አላስነካቸውም። ፈርታለች፤ እንዴት አትፈራ? ፍርሃቷ ግን ከቆመችበት አልነቀነቃትም።

በመጨረሻ ዋና ዳኛው ራሳቸው መጡ። ረጅም፣ ነጭ ኮፍያ የሚያደርጉ፣ ሲራመዱም ሲናገሩም የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ምንድነው?»

«ይለካልኝ ጌታዬ።»

«የልጅቷ አሰልጣኝ አላመለከተም።»

«እኔ አመለክታለሁ።»

«አንቺ አስቀማጭ ነሽ እኮ። ይሄን መስመር ማን ነው ያስቀመጠው?»

«እኔ።»

«ትክክል ነው ብሎ የፈረመውስ?»

«እኔ።»

ዋና ዳኛው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ታዲያ በማን ላይ ነው የምታመለክቺው?»

«በራሴ ላይ!» አለች። «በራስ ላይ ማመልከት አይቻልም የሚል ደንብ ካለ ያምጡልኝ!»

ሽማግሌው የብረቱን ጥቅል ከወገቧ ፈትተው ራሳቸው ሳቡት። ከሰባተኛው ቢጫ ምልክት ተነሥተው እስከ ጠመኔው ክብ ለኩ። ቀና ብለው ማንንም ሳያዩ፣ «ስምንት ሜትር ድፍን» አሉ። ያሸነፈችው ልጅ አሰልጣኝ ከሩቅ ይጮህ ጀመር፤ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ያወራል። ዋና ዳኛው ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁና፣ «ውድድሩ ተሰርዟል። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስምንቱም ይደግሙታል» ብለው ሄዱ።

ፌንጣ ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እትዬ ሜትር ፊቷ ሄዳ ቆመች።

«አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ጀርባዋን ሰጥታት ተቀመጠች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር፣ በጥፊ ብታጮለኝ ይሻል ነበር አለች እትዬ ሜትር በሆዷ። ቤቷ ገብታ እራት አልወረደላትም። እህቷ ሁሉንም በቴሌቪዥን አይታለች። «ዝም ብትዪስ ኖሮ?» አለቻት።

«ዝም ብል ኖሮ ያቺ ልጅ ሰላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እያሰበችው ትኖር ነበር።»

እህቷ ሰሃኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። «እንግዲያው ብዪ። ነገ ለመባረርም ጉልበት ያስፈልጋል።»

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ደብዳቤ ይዞ ጠበቃት። ሌሊቱን አልተኛም፣ አይኑ ቀልቷል። «ከላይ ነው የመጣው፣ በኔ አትፍረጂ» አላት። ደብዳቤው ከዛሬ ጀምሮ ትራክ ላይ እንዳትወጣ ያግዳታል። ከሥር ሁለት የይቅርታ መስመሮች አሉ፤ አንደኛው መሰናክል በተሳሳተ ቦታ ስላስቀመጠች፣ ሁለተኛው ትራክ ላይ በመቆም ውድድር ስላስተጓጎለች። ብዕሩን ተቀበለችው። የመጀመሪያው ሥር ፈረመች። ሁለተኛው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ሰረዘችበት።

«እትዬ!»

«ላስቀመጥኩት ይቅርታ፣ ከልቤ ነው። ለቆምኩት ግን እንኳን ወረቀት ላይ፣ በሕልሜም አይገኝም።»

ይሄን ሲነጋገሩ ፌንጣ ጉልበቷን በፋሻ ጠቅልላ፣ ትንሽ እየጎተተች መጣች። እትዬ ሜትርን አላየቻትም፤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ነው የዞረችው።

«አምስተኛውን መስመር ማን ነው ያስቀመጠው?»

«ሌላ ሰው። አትስጊ፣ እሷን አግደናታል።»

«እሷ ካልለካችው አልሮጥም።»

ሥራ አስኪያጁ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። «አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? ትናንት የጣለችሽ እኮ እሷ ናት!»

«አውቃለሁ። የጣለችኝም እሷ ናት፣ ጣልኩሽ ብላ የነገረችኝም እሷ ናት። አንተ ብትሆን ትነግረኝ ነበር?»

ነገሩ ዋና ዳኛው ጋ ደረሰ፤ እሳቸው፣ «እገዳው መሰናክል እንዳታስቀምጥ ነው፤ ትለካ» አሉ። እንዲህ የሚል ነገር ደብዳቤው ላይ እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል። የተከራከራቸው ግን የለም።

ለካች። አምስተኛውን ብቻ አይደለም፣ ሰማንያውንም። አንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ እያየች፣ ከማለቂያው ወደ መነሻው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀባት። ሦስት ሰዓት አለፈ፣ ሦስት ተኩል ሆነ። ፍጠኚ ያላት ሰው አልነበረም። ስትጨርስ ለስምንቱም ልጆች እየጮኸች፣ «ልክ ነው! ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ነው!» አለቻቸው።

ሽጉጡ ጮኸ። ፌንጣ ስምንተኛውን ነካ ሳታደርገው አለፈችው። ማለቂያው ላይ ሦስት ሴቶች አንድ ላይ ደረታቸውን ጣሉ። ዳኞቹ ፎቶውን አዩ። ፌንጣ ሦስተኛ ወጣች። የሚመረጡት ሁለት ናቸው።

እትዬ ሜትር ወደ ልጅቷ ሄደች። ፌንጣ ሣሩ ላይ ተዘርጥጣ ተቀምጣ መሬቱን በጡጫ ትደበድበው ነበር።

«ሦስተኛው መሰናክል ላይ ነው!» አለች ቀና ሳትል። «የኋላ እግሬን ጎተትኩት!»

«አይቻለሁ» አለች እትዬ ሜትር።

«መሰናክሉ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር።»

«ስለዚህ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ጮኻ አለቀሰች፤ በንዴት፣ ያለ ሐፍረት፣ ንፍጧን በክንዷ እየጠረገች። እትዬ ሜትር ከላይዋ ቆማ ስታያት አንድ ያላሰበችው ነገር ደረቷን ሞላው። ቀናች። ሰው በአሸናፊ ይቀናል፤ እሷ ተሸንፋ በምታለቅስ ልጅ ቀናች። ይህቺ ልጅ ዛሬ ቤቷ ስትገባ የቱ መሰናክል ላይ፣ በየትኛው እግሯ እንደተሸነፈች ታውቃለች። እኔም ያኔ ይሄን ባገኝ ኖሮ ብላ አሰበችና የራሷም እንባ መጣባት፤ አልከለከለችውም።

ፌንጣ ለቅሶዋን ጨርሳ ተነሣች። «የሚመጣው ዓመት አሳያቸዋለሁ» አለች። «ግን በሳንቃና በጡብ አይሆንም። እውነተኛ መሰናክል ያስፈልገኛል።»

ሥራ አስኪያጁ አጠገባቸው ደርሶ ሰምቷል። «እትዬ ታግዳለች እኮ» አለ፤ ድምፁ ግን ከትናንቱ አንሷል።

«የታገድኩት ከትራኩ ነው፣ ከዕቃ ቤቱ አይደለም» አለችው። ከዚያ ወደ ፌንጣ ዞረች። «ነገ ጠዋት ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?»

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ አንድ ተኩል ይሁን። ሦስተኛው ላይ ብዙ ሥራ አለብሽ።»